የማርያም ባሕር ካርታ

ስሙኝማ! ይቺን ስሙኝና ከዚያ በኋላ «ደምሴ ደግሞ ምላሱን ሳለ» በሉኝ። ምላሴማ ድሮም የተሳለ ነው፤ የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ «የዚህ ልጅ አፍ ከዓይኑ ይቀድማል፣ ያላየውን ፊደል ያነባል» ይሉኝ ነበር። ዛሬ የሚያስለፈልፈኝ ግን አፌ አይደለም፣ ጣቴ ነው። ይሄ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ባለፈው ሳምንት አንድ አሮጌ ወረቀት ላይ አረፈ፤ የነካው ነገር እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ጢሜ ነጭ ነው፣ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይለምናል። ንዴቴ ግን ገና የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ አላረጀም፣ አላገባም፣ አልወለደም።

የታፔላ ጸሐፊ ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ «ምግብ ቤት»፣ «ፀጉር ቤት»፣ «እዚህ ሽንት መሽናት ክልክል ነው» የሚል ያያችሁት ሁሉ የኔ እጅ ነው፤ አሁን አሁን በኮምፒዩተር የሚታተም ላስቲክ መጥቶ ግማሹን ነጠቀኝ እንጂ። ባለፈው ሳምንት አንድ የግብርና መሥሪያ ቤት በየበሩ ቁጥር እንድጽፍለት ጠራኝ። ደረስኩ፤ ዕቃ ቤታቸውን እያጸዱ ነው። አንዲት የጽዳት ልጅ አይጥ የቀመሰው አንድ ጥቅል ወረቀት ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይሄን ለቡሩሽዎ መጥረጊያ ይውሰዱት፣ ያው ሊቃጠል ነው» አለችኝ። ተቀበልኩ። የታሰረበትን ገመድ ስፈታ ሰም ሸተተኝ። የጧፍ ሰም። ያን ሁሉ ዓመት ገመዱ ላይ ተጣብቆ ኖሮ ጣቴ ሲሞቀው ሽታው ተነሣ። ወረቀቱን ሳልዘረጋው ገመዱን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ልጅቷ «አሞዎት ነው?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ አላመመኝም፤ የማውቀው ሰው አግኝቼ ነው» አልኳት።

ያኔ መካነ ሰላም ያሁኗ አይደለችም። መኪና የመጣ ቀን ሕፃን አዋቂው ወጥቶ ያያል። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ስኳሩ ግን እንደ ቤቱ ባለቤት ስሜት። እኔ ቦላሌ ሱሪ ነበረኝ፤ እግሩ ከመስፋቱ የተነሣ ነፋስ ሲመጣ ሁለት ሰው የሚሄድ ይመስላል። ከአጅባር ገበያ በሦስት ብር ከስሙኒ የገዛሁት ሸራ ጫማም ነበረኝ፤ በኖራ አነጣዋለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ አውልቄ በብብቴ አደርገዋለሁ፣ ከኔ ይልቅ እሱ እንዳይርስ። ከዳዊት አልፌ ቅኔ ቤት ሳልደርስ የቆሎ ትምህርቱን ተውኩ፤ አስኳላ ገብቼ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከመምህሬ ጋር ተሰዳድቤ ወጣሁ። የቀረኝ ሀብት የእጅ ጽሕፈቴ ብቻ ነው። የኔታ ናቸው ያቀኑልኝ፤ ብዕሩን ሳጣምም ሳንቃ ላይ ጣቴን በዘንግ ይመቱ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። በየግድግዳው መፈክር የሚጽፈው እኔ ነበርኩ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠይቅም፤ ፊደሉ ካማረ ይበቃኛል። ጥፋቴም እሱ ነው መሰለኝ።

አንድ ቀን ሻይ ቤቱ ማዕዘን ላይ ቆሜ ስጽፍ ከኋላዬ አንድ ሰው «ይሄን ፊደል ካርታ ላይ ማየት አማረኝ» አለ። ዞር ስል ካኪ የለበሰ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ፣ ትከሻው ላይ ራዲዮ ያንጠለጠለ ልጅ እግር ሰው። ስለሺ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የዓሣ ባለሙያ ነው። ደጋ ላይ የዓሣ ባለሙያ! «ወንድሜ፣ አውቶቡሱ ተሳስቶ ነው ያወረደህ፣ እዚህ ያለው በግ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። ለዚያ ሳቅ ነው የተሸጥኩት። «የምሄደው ቆላው ነው» አለኝ። «ወደ ዓባይ የሚወርደውን ወንዛችሁን ሥሩን እለካለሁ። የት አሸዋ ነው፣ የት ጭቃ፣ የት ቋጥኝ የሚለውን ካርታ ላይ አወጣለሁ። ዓሣው ደግሞ እንደ ወለሉ ነው የሚኖረው፤ ወለሉን ካወቅሁ ሥር የሚተኛውን ዓሣ ብዛት እገምታለሁ። የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ሄድኩ። የሚሻለኝ ምን ነበረ?

የኛ ሰፈር አፋፉ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ የየኔታ ጉባኤም እዚያው ነው፤ ከአፋፉ ግማሽ ቀን ስትወርዱ ወንዙ። በበጋ ውሃው ይቆራረጥና ጥልቅ ጥልቁ ብቻ ይቀራል፤ ያንን እኛ ባሕር እንለዋለን። ገበሬው ከአውድማ መልስ ይወርድና ያጠምዳል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለደብተራዎቹ ልተወው፤ ቅርፊት ያለውን እኛ እንወስዳለን፣ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ እስላም ጎረቤቶቻችን ይወስዳሉ። ከማዶ ያለው ጓደኛዬ ሰይድ እንደ ጥጃ የሰባ አምባዛ ተሸክሞ ሲሄድ «ወላሂ የናንተ መጽሐፍ ለኔ ጥቅም ነው የተጻፈው!» ይለን ነበር። ከባሕሮቹ ሁሉ አንዷ ግን አትነካም። ማርያም ባሕር ትባላለች። ሥሯ ቋጥኝና ጭቃ ነው፣ ዋሻ ዋሻ አለው፣ በድርቅ እንኳ አትጎድልም። ሽማግሌዎቹ «የዘር ጎተራ» ነው የሚሏት። ክረምት ሲገባ ወንዙን ሁሉ ዓሣ የምታለብሰው እሷ ናት። የምትከፈተው እህል ከአገር የጠፋ እንደሆን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ከወዲህ የኔታ ጸሎት አድርሰው፣ ከወዲያ የሰይድ አባት ዱዓ አድርገው፣ እያንዳንዱ ቤት በቀን አንድ ዓሣ፣ በቃ። በአያቶቻችን ዘመን አንዴ፣ በአባቶቻችን አንዴ ተከፍታ ሰው አትርፋለች። ጠባቂዋ የኔታ ነበሩ። ዘር የሚበላ ሰው ልጁን የበላ ነው ብሎ ያደገ አገር መሆኑን አትርሱ።

ሥራው እንዲህ ነው። አራት የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ነፍተን በእንጨት አሠርናቸው፤ ያ ታንኳችን። ገመድ በየክንዱ ቋጠርን፤ ጫፉ ላይ ግንበኛ ግድግዳ የሚያቀናበትን ዓይነት የእርሳስ ቱምቢ አንጠለጠልን። የቱምቢው ታች ጎድጓዳ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚያጣብቅ ነገር ይሞላል። ሰይድ ይጥላል፣ ቋጠሮ ይቆጥራል፣ ይስባል፤ የተጣበቀውን አይቶ ስለሺ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አሸዋ ከሆነ ቢጫ፣ ጭቃ ከሆነ ቡና ዓይነት፣ ጠጠር ከሆነ አረንጓዴ፤ ምንም ሳይዝ ተቦርቡሮ ከመጣ ቋጥኝ ነው፣ ሰማያዊ። መጀመሪያ ሳሙና ሞላንበት፤ ውሃ በላው። ስለሺ «ሞራ አምጡልኝ» አለ። በሁዳዴ! በየኔታ ሰፈር! ሰይድ እንኳ ሳቁን ሸሸገ። የኔታ ነገሩን ሲሰሙ ከጧፋቸው ቆርሰው ሰጡን። «ሰም ንብ የሠራው ነው» አሉ፤ «የነካውን ይዞ ይመጣል፣ አይዋሽም።» እውነትም ሰሙ አልዋሸም። ሰይድ ገመዱን እየሳበ በአምባሰል ዜማ የራሱን ግጥም ያንጎራጉራል፦

ውሃው ላዩ ጠርቶ ታቹን ማን አየለት፣
ያው ነው የሰው ሆድም ቱምቢ ካልጣሉለት።

እኛ ስለሺ ላይ ቱምቢ አልጣልንም። አንድ ላይ በላን፣ አንድ ጋቢ ለበስን። ወረቀት ላይ በቀለም መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዘይት የነካው የሚመስል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ነበር። አንድ ቀን ብዕሬ አምልጦኝ ዳር ላይ ቀለም ተንጠባጠበ፤ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። «አይዞህ» አለና ምላጭ አወጣ። «ቀለም በላጲስ አይለቅም፣ እንዲህ በቀስታ ትፍቀዋለህ። ከላይ ያየ አያውቅብህም። በጣትህ ስትዳስሰው ግን ይሻክራል፤ ወረቀት አይረሳም።» አስዳሰሰኝ። ሻከረኝ። እንግዲህ መምህሬም እሱ ነው።

ማርያም ባሕር ስንደርስ የኔታ ሾላው ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ስለሺ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«አባታችን፣ ውሃዎን አልነካም። ዓሣው የሚተኛበትን አልጋ ነው የማየው።»

«አልጋውን ያየ ሰው የተኛውን መቀስቀስ ያምረዋል» አሉ የኔታ።

«እኔ አያምረኝም።»

«አንተንማ አየሁህ፣ ደህና ልጅ ነህ። ያላየሁት ከበላይህ ያለውን ነው።»

እኔ ማን ዝም በል ይበለኝ! «የኔታ፣ እኔ አለሁ አይደል? የሚጻፈው በኔ እጅ ነው። እኔ ያልጻፍኩት ካርታው ላይ አይወጣም፣ የጻፍኩት አይጠፋም» አልኳቸው። የኔታ ረጅም ጊዜ ጣቶቼን አዩ፤ ዓይኔን አይደለም፣ ጣቶቼን። «እንግዲያስ በነዚህ ጣቶች አምኛለሁ» አሉ። ስለሺ አንድ ነገር ጨመረ፦ ወለሉን ለክተን ብቻ አይበቃም፣ እስኪ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ አንዴ መረብ እናውርድ፣ ቆጥረን እንመልሳለን። ሰይድ «ጓድ፣ ሌላው ባሕር ላይ ቁጠር እንጂ!» አለው። ስለሺ ግን መረብ ሳይቀደድ የሚጎተትበት ሰፊ ጭቃማ ዳር ያለው እዚህ ብቻ ነው ብሎ አስረዳ። የኔታ ፈቀዱ። በጠዋት መረቡ ወረደ። ምን ልበላችሁ! ውሃው ፈላ። አምባዛው እንደ ግንድ፣ ቅርፊታሙ እንደ ብር። ሰይድ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያለ ቆጥሮ ቆጥሮ ቁጥር ጠፋበት። አንድ ሳናስቀር መለስናቸው፤ የኔታ አንድ በአንድ ስንመልስ አዩን።

ያን ዕለት ያልተማርኩት እኔ የገባኝን ነገር ልንገራችሁ። «ስለሺ» አልኩት፣ «ይሄ በዘመናት ያልተነካ ነው። በዚህ ለክተህ ሌላውም ባሕር ወለሉ ቋጥኝና ጭቃ ከሆነ ይህን ያህል ዓሣ አለው ብትል ውሸት ነው። የጎተራውን እህል ቆጥሮ ማሳው ሁሉ እንዲህ ነው እንደማለት ነው።» ትከሻዬን መታኝ። «አንተ ትምህርትህን ባትተው እኔ ሥራ አጣ ነበር! ልክ ነህ። እዚያው ባሕሯ ላይ ጻፈው።» በገዛ እጄ፣ በምርጥ ፊደሌ ጻፍኩት፦ «የተጠበቀ ነው። አይነካም። ለሌላው መለኪያ አይሆንም።» የኔታ አነበቡት፤ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ከወገባቸው ያለውን ገመድ ፈትተው በጧፍ ሰም አሽተው ካርታውን ጠቅልለው አሠሩለት፣ ዝናብ እንዳያገኘው። ስለሺ ተሳልሞ ተቀበላቸው። በአውቶቡስ ሲሄድ እኔ ባለ ነጭ ሸራ ጫማው ከኋላው አቧራ ውስጥ ሮጥኩ። እጁን አውጥቶ አውለበለበ።

በዓመቱ የካርታው ሰማያዊ ኮፒ መጣ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሮጬ ሄድኩ፣ የእጄን ሥራ ለማየት። ሁሉም አለ፤ ቋጥኙ አለ፣ ጭቃው አለ፣ የባሕሮቹ ስም በኔ ፊደል አለ። ማርያም ባሕር ላይ ግን ባዶ። ሦስቱም ዓረፍተ ነገር የለም። ሊቀመንበሩ ከሥሩ የተያያዘውን ማንበብ ቀጠለ፤ ይሄ ይሄ ወለል ይህን ያህል ዓሣ ይይዛል፣ ስለዚህ ማኅበሩ ይህን ያህል ኮታ ያስገባል። የማርያም ባሕርን ቁጥር ለወንዙ ሁሉ አልብሰውታል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሕተት አለው!» ብዬ ጮህኩ። «ካርታው በማን እጅ ተጻፈ?» አለኝ። «በኔ።» «ታዲያ ማንን ነው የምታስተባብለው? ቁጭ በል!» ሰዉ ሳቀ። ለስለሺ ጻፍኩለት። መለሰልኝ፣ አንድ ገጽ፦ «ወንድሜ ደምሴ፣ የማተሚያው ማሽን ነው የዘለለው፤ አስተካክላለሁ።» አመንኩ። ወረቀቱን ይዤ ለየኔታ አነበብኩላቸው። «ማሽን ዓይን የለውም ልጄ፤ የሚዘል የሚያይ ነው» አሉኝ። ተቆጣሁ! የኔታን! «እርስዎ ደግሞ የተማረ ሰው ሲባል አይወዱም» ብዬ ወጣሁ። ይቺን ቃል ዛሬ በምን ምላጭ ልፋቃት?

የሆነውን ላሳጥረው። ሌሎቹ ባሕሮች የተባለውን ሊሰጡ አልቻሉም፤ ያልነበራቸውን ከየት? ሊቀመንበሩ «አሻጥር ነው፣ ዓሣ እየተደበቀ ነው» አለ። ዓሣ እንዴት ይደበቃል ብሎ የሳቀው ሰይድ ሦስት ቀን ታሠረ። ከዚያ ካርታው ተነሣ፤ ቋጥኝና ጭቃ የሚል የበዛበት የት ነው? ማርያም ባሕር። መረብ ወረደ። የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ሾላው ሥር ቆሙ፤ «አባ፣ ወረቀቱ ላይ አይነካም የሚል የለም» ተባሉ። ሁለት በጋ ጎተቱት። መረቡ ቋጥኙ ላይ እየተቀደደ ሲያስቸግራቸው ሁለት ታጣቂዎች የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ከዋሻው ያለው ሁሉ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ወጣ፤ ጣት የምታህለዋም ጭምር። ግማሹን እንኳ የሚጭን አህያ አልነበረም፤ እዚያው ሸተተ። ኮታው ግን ሞላ፤ በስብሰባ ላይ ማኅበራችን ተጨበጨበለት። ማጨብጨቢያውን መፈክር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስሙኝ፣ እኔ ነኝ።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ስሙን አልጠራውም፤ የወሎ ሰው የትኛው እንደሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ከብቱ፣ ከዚያ ዘሩ፣ ከዚያ ሰዉ። የኔታ በዘንግ እየተመሩ ወረዱ፣ ከማዶ የሰይድ አባት መጡ፣ ሰዉ ከአፋፉ እስከ ውሃው ተሰልፎ ቅርጫት ይዞ። ጸሎት ተደረገ፣ ዱዓ ተደረገ። ማርያም ባሕር ተከፈተች። ሰይድ ገባ፤ የመጀመሪያው ቅርጫት የቋጥኝ ስባሪ ይዞ ወጣ። ሁለተኛው ጭቃ። ሦስት ቀን ሙሉ ወለሏን ነው ያወጣንላት፤ ልክ በካርታው ላይ እንደጻፍኩት፣ ቋጥኟ ቋጥኝ፣ ጭቃዋ ጭቃ፣ አንድም አልተሳሳትኩም። ዓሣ ብቻ የለም። ሰው ወደ ዳገቱ ተመልሶ መውጣት ስላልቻለ እዚያው ሾላ ሥር ተቀመጠ። የቀሩት እዚያ ቀሩ። የሰይድ ትንሽ እህት እዚያ ቀረች። የኔታ በእጃቸው ጠሩኝ። ይረግሙኛል ብዬ ተንበረከኩ። «ደምሴ» አሉኝ፣ «ጽሕፈትህ ያምር ነበር።» ክረምቱ ሲገባ አረፉ።

እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት ምን ስል ኖርኩ? ማሽኑ ነው። ሰይድ «ጓደኛህ ሸጠን» ሲለኝ፣ «ማሽኑ ነው የዘለለው፣ ደብዳቤው አለኝ» እለው ነበር። ሰይድ እስኪሞት አላመነኝም፤ እኔም እስካለፈው ሳምንት አልተውኩም። ያን ጥቅል ልጅቷ ፊት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ዋናው ነው፤ ኮፒው አይደለም፣ የገዛ እጄ፤ ከአዲስ አበባ መቼ እንደተመለሰ የሚያውቅ የለም። ዳሩ ላይ ቀለሜ የተንጠባጠበበት፣ በምላጭ የተፋቀው አለ፤ ዳሰስኩት፣ ሻከረኝ። ከዚያ ጣቴን ወደ ማርያም ባሕር ወሰድኩ። ሻካራ። ሦስት መስመር ሙሉ ሻካራ። ወደ መስኮቱ አነሣሁት፤ ብርሃኑ የፊደሎቼን አጥንት አሳየኝ። አጣደፉት አይባልም፤ በቀስታ፣ ወረቀቱ ሳይቀደድ፣ ከላይ ያየ እንዳያውቅ ሆኖ ነው የተፋቀው። ያንን አፋፋቅ አውቀዋለሁ። ተምሬዋለሁ።

ስለሺ፣ በሕይወት ካለህ ይድረስህ። «ቁጥሩን አሳድግ» ያሉህ አለቆች እንደነበሩብህ አላጣሁትም፤ እነሱም ካሉ ይስሙት። ፈርተህ ይሆናል፤ ያኔ ያልፈራ ማን ነበር? ፈራሁ ብለህ ብትጽፍልኝ እኮ ከየኔታ ጋር አልጣላም ነበር፣ ከሰይድ ጋር አልጣላም ነበር፣ መረቡ ሳይወርድ ሌላ መላ እንፈልግ ነበር። አንተ ግን ማሽን ላይ አሳበብክ። እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ የኔታ በሁዳዴ ከጧፋቸው ቆርሰው የሰጡህን ሰም የተቀበልክበት እጅና ምላጩን የያዝክበት እጅ አንድ ነው ወይስ ሌላ?